የሱዳን የአፈር ዓይነቶችና የእርሻ አቅም በየአካባቢው

ሱዳን ከ1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የቆዳ ስፋት ያላት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተጓዙ ቁጥር ዝናቧ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ አገር ናት። በግብፅ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ዋዲ ሐልፋ ዝናብ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ካርቱም በዓመት በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ከመተማ ማዶ ያለችው ገዳሪፍ ደግሞ ወደ 600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አላት። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ዝናባማው ክፍል ከካርታው በመውጣቱ፣ የቀረችው ሱዳን በአመዛኙ ደረቅ የአየር ንብረት ያላት አገር ሆናለች።

አገሪቱ ለሁለት ከመከፈሏ በፊት ሊታረስ የሚችል 200 ሚሊዮን ፈዳን መሬት አላት ሲባል ኖሯል። አንድ ፈዳን 0 ነጥብ 42 ሄክታር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የነዳጅ ገንዘብ ወደ ውጭ መፍሰስ ሲጀምር፣ ሱዳን “የዓረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት” ትሆናለች የሚለው ተስፋ የተመሠረተው በዚሁ አኃዝ ላይ ነበር። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ኮርዶፋንና ዳርፉር በረሀብ ተመቱ። አኃዙ አሸዋውንና ጥቁሩን ሸክላ በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ የትኛው አፈር በምን ያህል ውኃ ምን እንደሚያበቅል አይናገርም። የሱዳን ግብርና ታሪክ በአብዛኛው ይህ ጥያቄ የተዘነጋባቸውና የታሰበባቸው ቦታዎች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአገሪቱ ዋነኛ የግብርና ሀብት ከጌዚራ ተነስቶ በሴናርና በብሉ ናይል በኩል እስከ ገዳሪፍ የሚዘረጋው የሸክላ ሜዳ ነው። አፈሩ በእኛ አገር ኮትቻ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲሆን፣ በጌዚራ ያለው ክፍል ዓባይ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ጠርጎ ባወረደው ደለል በብዙ ሺህ ዓመታት የተገነባ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይዘቱ ሸክላ በመሆኑ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ያብጥና ራሱን ይደፍናል። ይህ ለአራሹ አስቸጋሪ የሆነ ጠባይ ለመስኖ መሐንዲሱ በረከት ሆኗል። የጌዚራ ቦዮች ሲሚንቶ ሳይለበሱ ውኃ የማያሰርጉት በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱም ከጥቁር ዓባይ ወደ ነጭ ዓባይ በስሱ ያዘነበለ ስለሆነ ውኃው ያለ ፓምፕ በስበት ኃይል ይደርሳል።

የሴናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠናቆ የጌዚራ ልማት በጥጥ ሲጀመር ታሳቢ የተደረጉት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው። በኋላ የመናጊል ማስፋፊያ ተጨምሮበት የለማው መሬት ወደ 900 ሺህ ሄክታር ተጠግቷል፤ በአንድ አስተዳደር ሥር ከሚገኙ የዓለማችን ትላልቅ የመስኖ እርሻዎችም አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይሁንና አፈሩ ካልካዩትና ካልደገፉት ብቻውን አይበቃም። ናይትሮጅንና ብስባሽ የሚያንሰው በመሆኑ ያለ ማዳበሪያ ጥሩ ጥጥም ሆነ ስንዴ አይሰጥም። ቦዮቹም በየዓመቱ ደለል ካልተጠረገላቸው ይደፈናሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጌዚራ ሕግ ገበሬው የሚዘራውን ሰብል እንዲመርጥ ነጻነት የሰጠ ቢሆንም፣ የቦይ ጠረጋው ኃላፊነት በማን ላይ እንደሚወድቅ ያስነሳው ክርክር ከሕጉ በኋላም ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት በታኅሣሥ ወር ዋድ መዳኒ ሲደርስ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ትርጉም አጣ። የአገሪቱ ሠራዊት ከተማዋን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መልሶ እስኪይዝ ድረስ ብዙ ገበሬ ማሳውን ጥሎ ተሰድዷል።

በገዳሪፍ ያለው አፈር ከጌዚራው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚለማው በዝናብ መሆኑ ነው። በትራክተር የሚካሄደው እርሻ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አካባቢ የተጀመረው በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር እህል ለማቅረብ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዚሁ የተቋቋመው ኮርፖሬሽን መሬቱን በሺህ ፈዳን እየከፈለ ለባለሀብቶች አከራየ። ዛፉ ተመነጠረ፣ ማሽላ በማሽላ ላይ ተዘራ፣ መሬቱ ጦም እንዲያድር የተቀመጠው ደንብም በብዛት ሳይከበር ቀረ። አቀንጭራ ማሳውን ወረረ፣ ምርቱም አሽቆለቆለ። ተከራዩም ያደከመውን መሬት ትቶ ወደ አዲስ መሬት ሲያልፍ፣ ከብት አርቢው የግጦሽ መተላለፊያውን አጣ። በመተማና በሁመራ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎችን የሚከታተሉ የእኛም ባለሙያዎች ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ አረም የሚያውቁ በመሆናቸው፣ የገዳሪፍ ልምድ ለእነርሱ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከነጭ ዓባይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሸክላው ያበቃና ጎዝ የሚባለው አሸዋማ መሬት ይጀምራል። በጥንት ዘመን ነፋስ የከመረው፣ ዛሬ ግን በሣርና በግራር ተይዞ የረጋ አሸዋ ነው። ለም አይደለም፤ ሆኖም ዝናብ በሚያንስበት ስፍራ ከሸክላው ይሻላል። ትንሽ ዝናብ በሸክላ ላይ ሲጥል ከላይኛው ቅርፊት ሳያልፍ በፀሐይ ይተናል፤ ሸክላው የያዘውንም ቢሆን ለሥር በቀላሉ አይለቅም። አሸዋ ግን የወረደውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚህ ማስረጃው ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብ የተባለ የግራር ዝርያ ነው። በአሸዋ ላይ በ300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያድግ፣ በሸክላ ላይ ግን ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ይሻል።

የኮርዶፋን ገበሬ ይህን ያለ ሠንጠረዥ ያውቀዋል። ቡልቱግ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒና ከርከዴ ጥቂት ዓመታት ዘርቶ መሬቱ ሲደክም ለሐሻብ ይለቀዋል። ዛፉ ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት ሙጫ እየሰጠ አፈሩን በናይትሮጅን ይክሳል፤ ከዚያም ተቆርጦ እርሻው እንደገና ይጀመራል። ሱዳንን በዓለም የግራር ሙጫ አቅራቢነት ቀዳሚ ያደረጋት፣ ኤል ኦቤድንም የሙጫ ገበያ ማዕከል ያሰኛት ይኸው ዑደት ነው። የሕዝብ ቁጥር መጨመርና ድርቅ የጦም ዘመኑን ባሳጠሩበት ስፍራ አሸዋው እንደገና መንቀሳቀስ ጀምሯል።

በሰሜኑ በረሃ እርሻ ማለት የዓባይ ዳር ነው። ጎርፉ ሲጎድል ብቅ የሚለው ገርፍ የተባለ የወንዝ ዳር መሬት ባቄላና አትክልት ይዘራበታል፤ ከፍ ካለው ደለል ላይ ተምርና በቀዝቃዛው ወራት ስንዴ ይለማል። ከዚያ በላይ ያለው እርከን ግን ጨውና ሶዲየም የበዛበት ስለሆነ ውኃ በፓምፕ ቢወጣለት እንኳ ፈጥኖ አይመለስም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ፍሰት ይበልጥ የተስተካከለ፣ ደለሉም የቀነሰ እንደሚሆን ይጠበቃል። ይህ ከመጀመሪያ የመያዝ አቅሙ ከአንድ ሦስተኛ በላዩን በደለል ላጣው የሮሰይረስ ግድብና ለጌዚራ ቦዮች እፎይታ ነው። በየዓመቱ አዲስ ደለል ይጠብቅ የነበረው የገርፍ ገበሬ ግን ማዳበሪያ መግዛቱን ከአሁኑ ማሰብ ይኖርበታል።

በምሥራቅ የጋሽና የቶካር ደለሎች ይገኛሉ። ጋሽ ከኤርትራ ተነስቶ በላይኛው መንገዱ መረብ የሚባለው ወንዝ ነው። በክረምት ለሦስት ወር ያህል ብቻ ፈስሶ ከከሰላ በስተሰሜን ባሕር ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ጎርፉ በተዳረሰበት ማሳ ማሽላና ጉሎ ያለ ተጨማሪ ውኃ ይደርሳሉ፤ የሰረገው ውኃ ደግሞ በጉድጓድ እየወጣ የከሰላን ሽንኩርትና ሙዝ ያጠጣል። በሱዳን መስኪት የሚሉትና በአፋር ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ ይህንንም ምርጥ ደለል ይዞታል። ዛፉ ወደ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1917 የገባው በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነበር።

በዳርፉር የሚገኘው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጀበል ማራ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመነጨ፣ ምንጭ የማያጣውና በእርከን የሚታረስ በመሆኑ ብርቱካን፣ ድንችና ሽንኩርት ያበቅላል። ኤል ፋሽር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ ከከተማዋ የወጣው ሕዝብ የሸሸው ወደዚሁ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ጣዊላ ነው።