ረሃብ የመሰከረው፦ ከሚኒሶታ ቤተ ሙከራ እስከ ምክር ክፍሉ



በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ርእሰ ጉዳዬ በቅርቡ የመጣ የሚመስል የሙያ ዘርፍ ነው፤ ይኸውም ከምግብና ከገዛ አካላቸው ጋር ለተጣሉ ሰዎች የሚሰጥ የሥነ ምግብ ምክር ነው። አማካሪው ሥራውን በሚዛንና በካሎሪ ሠንጠረዥ አይጀምርም። የመጣው ሰው መቼ እንደሚርበው፣ መጥገቡን በምን እንደሚያውቅ፣ ምግብ ሲቀርብለት በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሰማው ይጠይቀዋል። ከባልደረቦቼ መካከል ይህን የጊዜው ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሥሮቹ አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአንድ ስታዲየም ሥር በነበረ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ማስረጃው ተጽፎና ታትሞ ሳለም ለረጅም ጊዜ የሚያነበው ሰው ያጣው ስለ ሌላ ጉዳይ የተጻፈ መስሎ በመታየቱ እንደሆነ ላስረዳ እሞክራለሁ።

ቦታው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኅዳር 1944 አንሰል ኪስ የተባለው የፊዚዮሎጂ ምሁር 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። እነዚህ ሰዎች በሃይማኖታቸውና በኅሊናቸው ምክንያት የጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ የኩዌከር፣ የሜኖናይትና የብሬዝረን አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ነበሩ። አልዋጋም ያለ ሰው በዚያ ዘመን ፈሪ መባሉ አልቀረም፤ ስለዚህ ለሰው ልጅ የሚጠቅም መከራ መቀበልን እንደ ክብር ቆጠሩት። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡትን የአውሮፓ ሕዝቦች እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከፈቃደኞቹ መካከል በአካልም በአእምሮም ጠንካሮቹን ብቻ መረጡ። ይህ ምርጫ ኋላ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ለ12 ሳምንታት በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ተመገቡ። ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀርብ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ዳቦና ማካሮኒ ሆነ። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል መራመድም ግዴታቸው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው በአእምሯቸው ላይ የደረሰው ነው። ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ይውሉ የነበሩት ወጣቶች ከምግብ በቀር ወሬ አጡ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት እየገዙ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ጀመር። አንዲትን ሳህን ለረጅም ሰዓት እያንቀረፈፉ ይበሉ፣ ጨርሰውም ይልሱ ነበር። ማስቲካና ቡና ያለ ልክ አበዙ። ከሰው ራቁ፤ የቀልድ ስሜታቸው ጠፋ፤ አንዳንዶች ተደብቀው ከበሉ በኋላ በራሳቸው ላይ ብርቱ ጥላቻ አደረባቸው። አጥንታቸው ወጥቶ እየታየ ራሳቸውን እንደ ከሲታ ያላዩም ነበሩ፤ እንዲያውም ጤነኛውን ሰው ያለ ቅጥ የወፈረ አድርገው ያዩ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስታውስ። ይህን ዝርዝር ያለ መግቢያ ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ብታነቡለት አኖሬክሲያ ኔርቮሳ ስለያዛት ወጣት ሴት የምታወሩ ይመስለዋል። ሰዎቹ ግን ሴቶች አልነበሩም፤ ስለ መልካቸው አልተጨነቁም፤ የአእምሮ ሕመምም አልነበረባቸውም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምግባቸው ቀነሰ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ክፍል ግን ምግቡ ሲመለስ የታየው ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ በቡድን ተከፍለው የተወሰነ ጭማሪ ተሰጣቸው፤ ረሃቡ ግን አልለቀቃቸውም። ገደቡ ሲነሣ ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው ከማዕዱ ሲነሡም እንደራባቸው ነበር። ሆድ ሞልቶ ሰውዬው አልጠገበም። መብላትና መጥገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሁለተኛው ሊበላሽና ቀስ ብሎ ሊድን እንደሚችል ከዚህ በተሻለ ያሳየ ጥናት አላውቅም።

ኪስና ባልደረቦቹ ሁሉንም በሁለት ታላላቅ ቅጾች በ1950 አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ረሃብ ስለሆነ የድርቅ፣ የጦርነትና የእርዳታ ሰዎች አነበቡት። በዚያው አገር በየቤቱ በፈቃዱ የሚራበው ሰው ግን ጉዳዩ የእርሱ መሆኑን የሚነግረው አላገኘም። ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች የካሊፎርኒያ ሐኪም በ1918 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ አንባቢዎቿን ቁራሽ ዳቦ ማለት ትተው 100 ካሎሪ ዳቦ እንዲሉ ካስተማረች ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። ሜትሮፖሊታን የተባለው የሕይወት መድን ኩባንያም በ1942 እና በ1943 ተገቢ ያላቸውን የክብደት ሠንጠረዦች አውጥቷል። ረሃብ በአንደኛው መጽሐፍ የአካል ምስክርነት ነው፤ በሌላው የፈቃድ ድክመት።

ታሪክ አንዳንዴ ትቀልዳለች። በ1972 ከ7,000 በላይ ወንዶችን ለክቶ፣ የቤልጅጉ የስታቲስቲክስ ሊቅ ኬትሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቀረበውን የክብደትና የቁመት ስሌት ዛሬ ቢኤምአይ የምንለውን ስም የሰጠው ያው አንሰል ኪስ ነው። ኬትሌ ይፈልግ የነበረው አማካይ ሰውን እንጂ ጤነኛ ሰውን አልነበረም፤ ኪስም ስሌቱን ብዙ ሕዝብን ለማጥናት እንጂ አንድን ሰው ለመዳኘት አላቀረበውም። በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የውፍረቱን መነሻ ወደ 25 ሲያወርደው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አንዲት ግራም ሳይጨምሩ ወፍራም ተባሉ። እኔም ይህን ቁጥር ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስተምር ከየት እንደመጣ አንድ ቀን አልተናገርኩም። ረሃብን በቃሉ ያናገረው ሰው ቃሉን ለሚተካው ቁጥርም ስም ሰጠው።

ማስረጃውን ወደ ምክር ክፍሉ የሚያስገባው በር በሌላ በኩል ተከፈተ። ሂልደ ብሩክ ጀርመን የተወለደች አይሁዳዊት ሐኪም ነበረች፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 አገሯን ለቃ በለንደን በኩል ኒው ዮርክ ደረሰች፤ በዚያም ወፍራም ሕፃናትን ማጥናት ጀመረች። በ1962 ባሳተመችው ጽሑፍ አኖሬክሲያ ያለባቸው ሰዎች ከውስጥ የሚመጣውን የአካል መልእክት ለይተው ማወቅ እንደሚሳናቸው ጻፈች። ረሃብን ማወቅ እንደ ቋንቋ የሚለመድ ነው አለች። ሕፃኑ ሲርበው ምግብ፣ ሲበርደው ልብስ፣ ሲፈራ እቅፍ ካገኘ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ለልቅሶው ሁሉ ምግብ ብቻ ከተሰጠው ግን ሲያድግ ኀዘኑንና ረሃቡን መለየት ይቸግረዋል። በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ጥፋት በእናቶች ጫንቃ ላይ መጣሉን አልደግፍም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የዘር ውርስ ጥናትም አይደግፈውም። ዋናው ሐሳብ ግን ቆመ፦ የተረሳ ቋንቋ እንደገና ሊጠና ይችላል።

በ1975 ፒተር ኸርማንና ዲቦራ ማክ ተማሪዎችን ሚልክሼክ አጠጥተው አይስክሬም አቀረቡላቸው። ምግባቸውን የማይቆጣጠሩት ሚልክሼኩን ሲጠጡ አይስክሬሙን ቀነሱ፤ ዘወትር ራሳቸውን የሚገድቡት ግን ከጠጡ በኋላ ይበልጥ በሉ። በ1985 ጃኔት ፖሊቪና ኸርማን ዳይት ያለ ልክ የመብላት መንሥኤ መሆኑን ሲከራከሩ የሚኒሶታን ሰዎች ለምስክርነት ጠሩ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ጋርነርና ባልደረቦቹ የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች የሚሰጥ የትምህርት ጽሑፍ ሲያሰናዱ የ36ቱን ሰዎች ታሪክ በውስጡ አስገቡ። ለእኔ ይህ ከሁሉ የሚልቀው እርምጃ ነው። ለዓመታት ራሷን ስትወቅስ የኖረች ሴት፣ ስለ ምግብ ሌት ተቀን ማሰቧ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የራበው አካል ሥራ መሆኑን አነበበች። ከ10 ዓመት በኋላ ሁለት የካሊፎርኒያ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች፣ ኢቭሊን ትሪቦሊና ኤሊስ ሬሽ፣ ረሃብንና ጥጋብን ማዳመጥን የሥራቸው መሠረት አድርገው መጽሐፍ አወጡ።

ተማሪዎቼ ግን አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ እሰጋለሁ። አካልህን አድምጥ ማለት ለሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ ምክር አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ረሃቡን በትክክል ላይናገር ይችላል፤ ጥቂት ጉርሻ ብቻ በልቶም ሞላሁ ሊል ይችላል። ስለዚህ በጽኑ ለታመመው ሰው መጀመሪያ ምግቡ በሰዓትና በዕቅድ፣ በሐኪም ክትትል ይሰጠዋል፤ ማዳመጡ አካሉ መናገር ሲችል ይከተላል። የሚኒሶታም ትምህርት ይኸው ነው።

ሥራውን በአማርኛ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ይሰናከላል። ጠገብሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። በቋንቋችን ግን ጥጋብ የሆድ መሙላት ብቻ ሳይሆን ትዕቢትም ነው፤ ጥጋበኛ የሚባለው ብዙ የበላ ሰው ሳይሆን ልኩን ያጣ ነው። በማዕድም ጠገብኩ ማለት የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በሞቴ ይከተለዋል፣ ጉርሻም ይከተለዋል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ረሃብን በቅርብ የሚያውቅ ሕዝብ ሰውን ማጉረሱ ፍቅር ነው። በሌላ በኩል ሆዴ ባባ፣ በሆዴ ያዝኩት ስንል ስሜትንና ምሥጢርን በአንድ አካል ውስጥ አኑረናል፤ ብሩክ ብትሰማው ደስ የሚላት ይመስለኛል። ጾምንም ከዳይት ጋር መቀላቀል አይገባም። ጾም የጋራ ነው፣ ትርጉም አለው፣ ፍስክም ይመጣል። ሆኖም በጾም ስም ከምግብ የምትሸሽ ታካሚ ልትኖር ስለምትችል አማካሪው በአክብሮት ይጠይቅ፤ ሕሙማን ከጾም ሕግ ነጻ መደረጋቸውንም የንስሐ አባቷ ከእርሱ በተሻለ ሊነግሯት ይችላሉ።

በ2003 እና በ2004 ከ36ቱ ሰዎች 18ቱ በሕይወት ተገኝተው ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ዓመት እንደፈጀባቸው ገመቱ። እንደገና ብትጠየቁስ ተብለው ሁሉም እናደርገዋለን አሉ።