መልክዐ ድምፅ፦ ቡሬ ምን ትሰማ ነበር?

«ሳውንድስኬፕ» የተባለውን ቃል በሰፊው ያስተዋወቀው ካናዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሬይመንድ መሪ ሼፈር ነው፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፉ። ቃሉ በአንድ ቦታ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ፣ በዚያ የሚኖር ሰው እንደሚሰማው አድርጎ ይይዛል። «የድምፅ ትዕይንት» ብንለው ዓይንን ይጠራል። እኔ «መልክዐ ድምፅ» እላለሁ። መልክዐ ምድርን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፤ የግእዙ የመልክዕ ድርሰትም ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ እያለ አካልን በየተራ የሚያወድስ ስለሆነ ስሙ ለስሜት ሕዋሳት እንግዳ አይደለም።

ቡሬ በምትገኝበት በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ሌሊቱ የመጅ ድምፅ ነበረው። ሴቶች ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ይፈጫሉ፤ እየፈጩም ያንጎራጉራሉ። ፍቅር፣ የባል በደል፣ የአማት ነገር፣ የሹም ግፍ በዚያ ዜማ ይወጣ ነበር። ያ ድካም ይመለስ የሚል የለም። ግጥሙ ግን መውጫውን አጥቷል፤ የሚያስታውሱት እናቶች በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ሊቀረጽ ይገባል።

መልክዐ ድምፅ ለታሪክ ጸሐፊም አዲስ ጥያቄ ያቀብላል። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦር በቡሬ አካባቢ የጣሊያንን ምሽጎች ሲያስጨንቅ፣ ከጣሊያን ጋር የተሰለፉ ኢትዮጵያውያን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲመለሱ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ይጠሩ ነበር። ጥሪው ከየትኛው ኮረብታ ተነሣ? እስከ የትኛው መንደር ደረሰ? ገበሬው በቤቱ ሆኖ ሲሰማ ምን አለ? የጠመንጃውን ብዛት የሚነግሩን መጻሕፍት ይህን እምብዛም አይነግሩንም።

ወደፊቱንም በጆሮ ማሰብ ይቻላል። በእንግሊዝ ለአዲስ ፈጣን የባቡር መስመር ሲታቀድ፣ ባቡሩ ሲያልፍ የሚኖረው ድምፅ ተቀናብሮ ለነዋሪዎች እንዲሰሙት ቀርቧል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲስፋፋ፣ ለአካባቢው ገበሬ ፕላን ብቻ ከማሳየት ፋብሪካው ማታ ማታ የሚያሰማውን ድምፅ በማሳው ላይ ቢያሰሙት በእውነት አስተያየት መስጠት ይችላል።

ለአፍንጫም የተሰጠ ቃል አለ፤ «ስሜልስኬፕ»። «መልክዐ መዓዛ» ያምራል፤ ነገር ግን መዓዛ ደጉን ሽታ ብቻ ይይዛል። ከመኸር በኋላ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የተሰጣውን በርበሬ እያስነጠሰው ያለፈ መንገደኛ «መልክዐ ሽታ» ይሻላል ቢል አልከራከረውም።