የሞተ መኪና ሦስት ዋጋ

መኪና አዲስ አበባ ውስጥ አይሞትም። ሞተሩ ይነክሳል፣ ቦዲው ይዝጋል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ግቢ ውስጥ ተገትሮ ድመት ትወልድበታለች፤ ሞተ ግን አይባልም። «ቆሟል» ነው የሚባለው። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው» ይላችኋል። ትንሿ ነገር ሙሉ ካምቢዮ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ሰውዬ መሳቅ ቀላል ነው። የአገራችንን የመኪና ታሪክ ትንሽ ወደኋላ ሄዶ ላየ ግን ሰውዬው ከሚስቁበት ሰዎች የተሻለ ነጋዴ ነው። በርካሽ የሚሸጠው የቸኮለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆመ መኪና እኛ ዘንድ ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው የሚዛን ዋጋ ነው፤ እሱን ቆራሌው ያውቀዋል። ሁለተኛው የዕቃ ዋጋ ነው፤ ሶማሌ ተራ ያውቀዋል። ሦስተኛው የወረቀት ዋጋ ነው፤ ደላላው ያውቀዋል። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ትንሹን። እነዚህ ሦስት ዋጋዎች ደግሞ በአንድ ቀን የተወለዱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን አላቸው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ሲመጡ (እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትስ «ማን ይቀድማል» ተባብለው ነበር የመጡት) የአሮጌ መኪና ገበያ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ለገበያ ብዙ መኪና፣ ብዙ መካኒክና ብዙ ብልሽት ያስፈልጋል። ሦስቱንም በብዛት ይዞ የመጣው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ፋሺስቶች መንገድ ጠረጉ፣ ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖቻቸውን በገፍ አስገቡ። ሄዱ፤ ቋንቋቸው ግን ኮፈን ሥር ቀረ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ፣ ቦሎ… የትኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ ሳታውቁት ጣሊያንኛ ትማራላችሁ። ገበያውም ቢሆን የነሱ አሻራ አለበት። አራዳ ጊዮርጊስ የነበረውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛውረው «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ብለው በዘር የከለሉት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው።

ከድሉ በኋላ እንግሊዞች ብዙውን መኪናና ማሽን ምርኮ ነው ብለው ጭነው ወሰዱ። የተረፈውና በየመንገዱ የተሰበረው ግን አልተጣለም። የካሚዮን ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው። ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ ከትቶ ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ያወጣዋል። ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ በርሜሉ ምድጃ። ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» ብሎ ጠይቆ ያለሽን ሁሉ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ቆራሌውም («ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተጨምቆ የወጣ ስም ነው ይባላል) የዚሁ ሰንሰለት እግር ነው። ብረት እንደ ብረት፣ በኪሎ። የሚዛን ዋጋ ይኸው ነው።

የዕቃ ዋጋ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በእጥረት። በጃንሆይ ዘመን ከተማዋን ያመላልሷት ከነበሩት ታክሲዎች መካከል ትንሿ ፊያት ሰይቼንቶ ነበረች። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚሳፈርበት ፔጆ 404 መጣ፤ ዘመኑ የውይይት ክበብ ዘመን ነበርና ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ጠራው። (የአዲስ አበባ ሰው ቀልዱን በታሪፍ ከፍሎ ነው የሚሳፈረው።) ላዳም የመጣችው በዚያው ዘመን፣ ከሶቭየት ኅብረት ነው። ላዳ በመሠረቱ ፊያት 124 ናት። ሩስያውያን ፈቃዱን ገዝተው ቶሊያቲ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ መሥራት ጀመሩ፤ ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። እናላችሁ ጣሊያን በበር ወጥቶ በሞስኮ መስኮት ተመለሰ ማለት ነው።

የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት በዚያ ዘመን መኪና ማስገባት የማይታሰብ ስለነበር ያለውን ማቆየት ግዴታ ሆነ። ለማቆየት ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል፤ አዲስ ዕቃ ከሌለ ከቆመው ይፈታል። አንድ ላዳ ሲቆም አራት ላዳ ይነሳል። ሶማሌ ተራ የዚህ ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ «መኪና» የሚባል ነገር የለም፤ በር አለ፣ ፋኖስ አለ፣ ዲናሞ አለ፣ ዲፈረንሻል አለ። ሁሉም ለየብቻው ዋጋ አለው፣ ተደምረው ሲታዩ ደግሞ ከሙሉው ይበልጣሉ። (አንዳንዱ ፋኖስ ማታ ባለቤቱ ሳያውቅ የተፈታ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ሦስተኛው፣ የወረቀቱ ዋጋ፣ የግብር ልጅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ ባለው አውቶሞቢል ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ባለው ላይ 60፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ጣለ። እስቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ሒሳብ አብረን እንሥራው። ወደብ እስኪደርስ 100 ሺህ ብር ያወጣ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና አለ እንበል። 35 በመቶ ጉምሩክ ሲጨመር 135 ሺህ። በዚያ ላይ ኤክሳይስ 100 በመቶ፣ 270 ሺህ። በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ፣ በዚያ ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ… 341 ሺህ ብር አለፈ! ግብር በግብር ላይ ይቆለላል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ብረት ብቻ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ቀረጥ አንድ ጊዜ የተከፈለበት ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ሊብሬ ይባላል። ደላላ የቆመ መኪና ሲነገረው ገና ሳያይ «ሊብሬው ንጹህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ይኼን ለአሜሪካዊ ብታስረዱት አይገባውም። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ክረምት አሮጌ መኪናውን አምጥቶ ነዳጅ ቆጣቢ ለገዛ ሁሉ መንግሥት 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ይከፍል ነበር። ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ተሰበሰቡ። ከዚያ የሞተር ዘይታቸው ተቀድቶ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ተጨመረባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ፈሳሹ እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ነክሶ ያስቀረዋል። ሆን ተብሎ! ከነሱ ብዙዎቹ ተነድተው የመጡ ነበሩ። ሶማሌ ተራ ይኼን ቪዲዮ ቢያይ ሐዘን ይቀመጣል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ታክሲ ይሠሩበት የነበረ ላዳ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ላዳዋ ከቆመች ቆይታለች። አንድ ቀን አንድ ወጣት ገዢ መጣ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ብረት ነው። በኪሎ ልውሰድልዎት።»

«ስንት ኪሎ ይሆናል ልጄ?»

«ቢበዛ አራት መቶ።»

ጎረቤታቸው የሆኑ ጡረታ የወጡ መካኒክ አጥር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ላዳ 950 ኪሎ ነው የምትመዝነው። ሌላውን የት አደረግከው?» አሉት። ልክ ናቸው፤ ላዳ 2101 ባዶዋን 955 ኪሎ ገደማ ናት። መስታወቱን፣ ወንበሩን፣ ጎማውን፣ ፕላስቲኩን ቀንሱ፤ ከዚህ ግማሽ በላይ፣ ወደ 600 የሚጠጋ፣ ብረት ይቀራል። ገዢው በዓይኑ ነበር የመዘነው፤ የገዢ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ቀላል ነው።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ኪሎውን ትቶ «እሺ፣ ሊብሬውንም ጨምሩልኝ፣ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ስም ማዛወር ምናምን አያስፈልግም፤ ውክልና ይበቃል» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው። ሊብሬው የሟች ባላቸው ስም ላይ ነው። እሳቸው ያለ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ በዚያ መኪና ላይ ውክልና ሊሰጡ አይችሉም፤ ባላቸው ድሮ የሰጡት ውክልና ቢኖር እንኳ ወካዩ ሲሞት አብሮ ያበቃል። ወራሽነቱ ተረጋግጦ ስሙ እሳቸው ላይ ከሆነ በኋላም ቢሆን በውክልና ብቻ አሳልፎ መስጠት አደገኛ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የዚያች ላዳ ሰሌዳ ነገ ሌላ ቀፎ ላይ ተለጥፎ ሰው ቢገጭ የሚፈለገው ቤት የእሳቸው ነው። የወረቀት ዋጋ ከፍ ያለ የሚሆነው አንዳንዴ ገዢው ከወረቀቱ ጋር ኃላፊነቱን አብሮ ስለማይገዛ ነው። መሸጥ ከሆነ ውልና ማስረጃ ሄዶ ተፈራርሞ ስም ማዛወር፤ ለብረትና ለዕቃ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳና ሊብሬ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት መልሶ ከመዝገብ ማሰረዝ ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

መቼስ እሳቸው ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም ነበር፤ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ነበር የታሰበው። ግን ዘመኑ ከሻጩ ጎን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። እንዳይገባ ሲደረግ ግን ቀድሞ የገባው ከበረ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባትን ጨርሶ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አለፈ። አዲስ መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገባው፤ አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ተከትሎት ይወጣል። በእኔ ግምት ላዳን የመሰለ ጠባቂ የሌለው መኪና እንኳ ከዚህ ተጠቅሟል።

እኚህ እናት ወራሽነቱን አስወሰኑ፣ ላዳዋን ከመዝገብ አሰረዙ። ወራት ፈጀ። ከዚያ ጋሼ መካኒኩ እየፈቱ ሸጡላቸው። ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን አንድ አሁንም ላዳ የሚነዱ ሰው ወሰዱት፤ የከፈሉት ገንዘብ ያ ልጅ ለሙሉ መኪናው ካቀረበው ይበልጥ ነበር። ራዲያተሩ ለየብቻ፣ ባትሪው ለየብቻ፣ አራቱ በሮች ለየብቻ ሄዱ። ቀፎው መጨረሻ ላይ ቀረ። ቀፎውን የወሰደው ያው የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ በኪሎ፣ በሚዛን፣ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን እያነበቡ።