ችግር በቅቤ የሚያስበላው ቅቤ ሲኖር ነው

የእህቴ ልጅ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር በራሱ እየገጣጠመ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን አሮጌ ዴስክቶፕ በርካሽ ገዛ፤ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ አፈላልጎ አገኘ፤ ራሙን ከጓደኛው ወሰደ። የቀረው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱን ግን «ርካሹን አልገዛም፤ ሲቃጠል ሌላውን ሁሉ ይዞብኝ ይሄዳል» ብሎ ብር እያጠራቀመ ነው። እናቱ «ለጨዋታ ይህ ሁሉ ልፋት!» ትለዋለች። እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር ከ40 ዓመት በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የሆነው ዛሬ ካርታ ላይ በሌለች አገር ነው፤ በዩጎዝላቪያ።

ዩጎዝላቪያን አባቶቻችን ያውቋታል፤ የጃንሆይ ወዳጅ የማርሻል ቲቶ አገር ናት። ቲቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሞቱ አገሪቱ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የውጭ ዕዳዋ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ መንግሥት ከውጭ የሚገባውን ዕቃ አንቆ ያዘ። ቤንዚን በራሽን ሆነ። ቡና ከሱቅ ጠፍቶ ሰው ድንበር ተሻግሮ ጣልያን፣ ትሪየስቴ ድረስ እየሄደ ይገዛ ነበር።

በዚያው ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ልጆች የቤት ኮምፒውተር እየገዙ ጌም ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሲንክሌር ስፔክትረም ርካሹ በ125 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የዩጎዝላቪያ ወጣት ግን ከውጭ ማስገባት የሚፈቀድለት ዋጋው ከ50 የጀርመን ማርክ የማይበልጥ ዕቃ ብቻ ነበር። ስፔክትረሙ ደግሞ የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፦ ኮንትሮባንድ ወይም ምኞት።

ሦስተኛውን መንገድ ያገኘው ቮያ አንቶኒች የተባለ የቤልግሬድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሞንቴኔግሮ ውስጥ፣ ሪሳን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለዕረፍት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣለት። የያኔ ኮምፒውተሮች ምስል ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ የተለየ ቺፕ ነበራቸው። አንቶኒች «ይህ ቺፕ ለምን አይቀርም? ዜድ80 የሚባለው ርካሽ ፕሮሰሰር ምስሉን ራሱ ቢሥለውስ?» ብሎ አሰበ። ሞከረው፤ ሠራ።

እርግጥ ማሽኑ ምንም የሚያስጎመጅ ነገር አልነበረውም። ፕሮሰሰሩ አብዛኛው ጉልበቱ ምስል በመሣል ስለሚያልቅ ይንቀራፈፋል። ቀለም የለውም። ዋናው ፕሮግራሙ በ4 ኪሎባይት የተጨመቀ ነው። ቦታ ከመጥበቡ የተነሣ የስህተት መልእክቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ «ምን?»፣ «እንዴት?» እና «ይቅርታ»። ግን ስክሪኑ የቤት ቴሌቪዥን፣ ማከማቻው የቤት ቴፕ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ፣ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር የጉምሩኩን ጣሪያ ቢያልፍም ነጠላ ቺፕ አያልፍም።

እስከዚህ ድረስ የሰማነው የአንድ ጎበዝ ሰው ታሪክ ነው። ጎበዝ ሰው ደግሞ በየአገሩ፣ በየሰፈሩ አለ። ልዩነት ያመጣው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

አንቶኒች ንድፉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ለጋዜጠኛው ለደያን ሪስታኖቪች ሰጠው። «ጋላክሲያ» የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በ1983 መጨረሻ «ኮምፒውተር በቤትዎ» የሚል ልዩ እትም አወጣ። ኮምፒውተሩም በመጽሔቱ ስም «ጋላክሲያ» ተባለ። ንድፉ፣ የሰርኪዩት ቦርዱ ሥዕል፣ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ አሠራሩ፣ ሁሉም ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ታትሞ ወጣ። ኮምፒውተሩን የሠሩት ወይም ዕቃውን በጥቅል ያዘዙት ሰዎች ቁጥር ከ8,000 በላይ እንደሆነ ይነገራል።

ሬዲዮም ተጨመረበት። በሬዲዮ ቤልግሬድ 202 ዞራን ሞድሊ የሚያዘጋጀው «ቬንቲላተር 202» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ያኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካሴት ላይ የሚቀመጠው በድምፅ ነው፤ ለጆሮ ጭርጭርታ ነው። ሞድሊ አድማጮቹን «ቴፓችሁን አዘጋጁ» ይልና ጭርጭርታውን በአየር ይለቀዋል። ልጆቹ እቤታቸው ቀድተው ኮምፒውተራቸው ላይ ይጭኑታል። ጌም ሳይቀር በሬዲዮ ይታደል ነበር።

ታሪኩን አናሳምረው። ጋላክሲያ አገሪቱን ከዕዳም ከጦርነትም አላዳናትም። ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 በብዛት መግባት ሲጀምሩ የሚፈልገው ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 አገሪቱም መፍረስ ጀመረች። ነገር ግን በእጃቸው ኮምፒውተር የሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀሩ። ዕውቀት ከአገር ጋር አይፈርስም።

«ችግር በቅቤ ያስበላል» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ቤት ውስጥ ቅቤ ካለ ነው። ችግርማ ለሁሉም ደረሰ፤ የምንዛሪ እጥረት ያለበት አገር ሁሉ ግን ኮምፒውተር አልሠራም። የዩጎዝላቪያ ቅቤ፣ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን አደባባይ ማውጣቱ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ግራፊክስ ካርድ ለተራ ቤተሰብ ልጅ ሕልም ሆኗል። ችግሩ አለን ማለት ነው። ቅቤውስ? የእህቴ ልጅ የተማረው ከዩቲዩብ ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በሂንዲ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ የሰውየውን እጅ እያየ። አንድ ጥገና ቤት ገብቶ ይህ ካርድ ከዚህ ማዘርቦርድ ጋር ይሄድ እንደሆነ ቢጠይቅ «አምጣውና እኛ እንሠራልሃለን» ብለው መለሱት። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራቸው ነው። ግን አስቡት፦ ያኔ ንድፉ ይፋ በመውጣቱ ዕቃ ሻጩ በሺህ የሚቆጠር ደንበኛ አገኘ እንጂ አልከሰረም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂላችን ለጉረኛ ጥሩ ምክር ነው፤ ለሚማር ልጅ ግን የተዘጋ በር ነው።

እህቴ «ለጨዋታ» ስትል ልክ ናት። የቤልግሬድ ልጆችም ብረት ሲበይዱ ያደሩት አገር ለመለወጥ ብለው አልነበረም፤ ብዙዎቹ ጌም አምሯቸው ነው። ሙያው የመጣው በዚያ ሰበብ ነው።

ልጁ ሠርቶ ሲጨርስ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ምን ከየት እንደገዛ፣ ስንት እንዳወጣ፣ ምን እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው በአማርኛ እንዲጽፍልኝ። እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ። ከእናንተም መካከል የሚያውቅ ካለ አይቆጥብ፤ ይጻፍልን።