ማንኪያውና ትከሻው

ሞጆ ሌሊት ጸጥ አትልም። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚያመሩት ከባድ መኪኖች እስኪነጋ ያጓራሉ። የበኩር ልጄ በተወለደች በአራተኛው ሳምንት ግን የመኪኖቹን ድምፅ መስማት ተውኩ፤ የእርሷ ልቅሶ ሁሉን ዋጠው። ትጠባለች፤ ወዲያው እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ታለቅሳለች። ትኩሳትም ሆነ ትውከት እንደሌለባት፣ ክብደቷም እንደጨመረ በጤና ጣቢያ ታይቷል። ልቅሶው ግን አልቆመም።

አራስ ሆኜ የተኛሁት በእናቴ ቤት ነበር። አንድ ሌሊት ለጋ ቅቤ በማንኪያ ጫፍ ይዛ መጣች። «ሆዷን ያለሰልስላታል» አለች። እጇን ያዝኩት። «አንቺን ምን ያሳደገሽ መስሎሻል?» ብላ በቅሬታ አየችኝ።

ጥያቄዋ የታሪክ ጥያቄ ነበር። በአገራችን በብዙ ሥፍራ ጨቅላ ሕፃን ከእናቱ ጡት በፊት ቅቤ ይውጥ ነበር። ቢጫው እንገር ሆድ ያሳምማል ተብሎ ታልቦ ይደፋ ነበር። ሆዱ ሲነፋ ደግሞ የአብሽ ውኃ ይሰጠዋል። ይህን ያደረጉት እናቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ በጨለማ ውስጥ ልጃቸውን ለማዳን የሚታገሉ ነበሩ።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ዊልያም ውድዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ለሕፃናት ሆድ ቁርጠት አንድ ውኃ አዘጋጀ። ዛሬም «ግራይፕ ዋተር» ይባላል። በውስጡ ስኳር፣ ሶዳ፣ የእንስላላችን ዘመድ ከሆነ ተክል የወጣ ዘይትና አልኮል ነበረበት። ስንቱን ሕፃን ጸጥ ያሰኘው አልኮሉ ሳይሆን አይቀርም! እንግሊዛውያንም አልኮሉን ያስወጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1990ዎቹ ነው። ቀሪው ውኃም ቢሆን ቁርጠትን እንደሚፈውስ በጥናት አልተረጋገጠም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ይህን ልቅሶ በቁጥር ለካው፦ በቀን ከ3 ሰዓት፣ በሳምንት ከ3 ቀን፣ በጠቅላላው ከ3 ሳምንት በላይ። መለኪያ ሰጠን እንጂ መድኃኒት አልሰጠንም። በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንኳ እንዳይቀምስ መከረ። ይደፋ የነበረው እንገር በሽታ ተከላካይ መሆኑ፣ ቅቤው ግን ተሕዋስያንን ወደ ጨቅላ አንጀት ሊያስገባ እንደሚችል ታወቀ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ቤት ለቤት አስተማሩ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር።

ታዲያ ከእናቶቻችን ጥበብ ምን ተረፈ? ያንን ሌሊት አየሁት። እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። ልጄን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘቻት፤ ጀርባዋን በመዳፏ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገች፤ ከምድጃው እስከ በሩ እየተመላለሰች እሹሩሩ አለች። የጎረቤታችን የኦሮምኛው «ኡሩርሳ»ም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሞጆ ላይ ሁለቱም በአንድ ግቢ ይሰማሉ። ጥቂት ቆይታ ልጄ አገሳች፤ የእናቴም ነጠላ በወተት ራሰ። ዛሬ ሐኪም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ግማሽ ሰዓት ተኛችና እንደገና አለቀሰች። በሦስተኛው ወር ግን እንደ መጣ ሄደ። «ምን ያሳደገሽ መስሎሻል?» ላለችኝ እናቴ አሁን መልስ አለኝ፦ እማዬ፣ ማንኪያው አይደለም፤ ትከሻሽ ነው።