«ከሰዓት ውጭ» በማን ሰዓት? የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ከሩዋይስ ሲታይ

ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ስለሚካሄድ የአክሲዮን ግብይት ብዙ ተጽፏል፤ የሚበዛውን ስለምቀበለው አልዘረዝረውም። የምሞግተው ማይክል ባርክሌይንና ቴረንስ ሄንደርሾትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሰዓት ውጭ ገበያው ስለሚሳሳ የግብይቱ ወጪ ከመደበኛው አራት አምስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይተዋል። ቁጥሩን አልነካውም፤ ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። «ከሰዓት ውጭ» ሲሉ የኒውዮርክን ደወል ብቻ ይዘዋል፤ ገበያተኛው የሚኖርበትን ሰዓት ከቁጥር አላስገቡም። በጅዳው ሩዋይስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛን እናስብ። አሜሪካ ሰዓቷን በምታስቀድምባቸው ወራት የኒውዮርክ መደበኛ ግብይት በእሱ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5፡00 ይዘጋል፤ በቀሩት ወራት አንድ ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ከሥራ ወጥቶ የሚገበያየው ገበያው በሞላበት ሰዓት ነው፤ የተባለው እጥፍ ወጪ አይደርስበትም። የቅድመ መክፈቻው ግብይት ግን ከረፋዱ 5፡00 ስለሚጀምር በሥራ ሰዓቱ ላይ ይወድቃል። በሳሳ ገበያ፣ የተሻለ መረጃ ካለው ሰው ጋር የሚጋፈጠው እንግዲህ በምሳ ዕረፍቱ ስልኩን አውጥቶ ትዕዛዝ የሚሰጠው ነው፤ ይህንንም ሁለቱ ምሁራን ራሳቸው በ2003 ስለ ቅድመ መክፈቻ ከጻፉት መረዳት ይቻላል።

ችላ የተባለው ማስረጃ የሳዑዲው አክሲዮን ገበያ፣ የታዳውል፣ የራሱ ታሪክ ነው። ታዳውል እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2006 ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና አመሻሽ፣ ይከፈት ነበር። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ የዋጋ መለኪያው ከ20,000 ነጥብ በላይ ወጥቶ ከተንኮታኮተ በኋላ፣ በማርች ነዋሪ የውጭ ዜጎች በቀጥታ እንዲገዙ ተፈቀደ፤ በኦክቶበር የአመሻሹ ግብይት ቀረ። ዛሬ ገበያው የሚሠራው ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡00 ነው። ለተቀጣሪው ስደተኛ በሩ ተከፈተለት፤ ሊገባበት የሚችለው ሰዓት ግን ተወሰደበት። ማታ የቀረለት የባሕር ማዶ ገበያ ነው። ኒውዮርክ ሲተኛ ዋጋ የሚወሰነው በሳሳ ገበያ ብቻ ነው የሚለውም አያስኬድም። ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ዓርብ ኦገስት 5 ቀን 2011 ምሽት የአሜሪካን የብድር ደረጃ ዝቅ ሲያደርግ፣ ያኔ ቅዳሜ የሥራ ቀኑ የነበረው ታዳውል በማግስቱ በሙሉ ግብይት ከ5 በመቶ በላይ ወረደ።

ባርበርና ኦዲን በ2000 ባወጡት ጥናት አብዝተው የሚገበያዩት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያተርፉ ገበያው 17.9 መስጠቱን ጠቅሶ የማታውን ግብይት የሚነቅፍ ይኖራል። ያ የመመላለስ ብዛት እንጂ የሰዓት ጉዳይ አይደለም። በእርግጥ ሙግቴ በሰዓት ሰሌዳ ላይ የቆመ በመሆኑ የእያንዳንዱን ገበያተኛ ትርፍና ኪሳራ አይተነብይም። አንድ ቦታ ላይ ግን ለባርክሌይና ለሄንደርሾት እጅ እሰጣለሁ። ከመዝጊያ በኋላ ያለው ግብይት በሩዋይስ ከምሽቱ 5፡00 እስከ ሌሊቱ 9፡00 ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች የሩብ ዓመት ውጤታቸውን የሚያወጡትም ገበያው እንደተዘጋ ነው። በእነዚያ አራት ሰዓታት ለኒውዮርክም ለሠራተኛውም ሰዓቱ አልፏል፤ አራት አምስት እጥፉም ሳይቀነስ ይደርሰዋል።