ተንቀሳቃሽ ሥዕልን የማመቅ ፍጥነት
ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአይከል የተቀረጸ ሠርግ፣ በመደበኛው የቴሌቪዥን ጥራት ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አንዲት ሲዲ 40 ሴኮንድ ሳይሞላ ትሞላለች።

ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ስሌት፣ ዐይን እምብዛም የማይለየውን ዝርዝር ነጥሎ ለመጣል መሠረት ሆነ። ይሁን እንጂ ስሌቱ የቤት ኮምፒዩተርን ለብዙ ሰዓት ያደክም ነበር። በ1997 ኢንቴል ያወጣው ኤም ኤም ኤክስ በአንድ ትእዛዝ እስከ 8 የሥዕል ነጥቦችን በአንድነት ማስላት አስቻለ። በ2011 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ አኖረ።

ነገር ግን ፍጥነት ዋጋ ያስከፍላል፤ ፋይሉ መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ፣ በጥድፊያ የታመቀው በዝግታ ከታመቀው ይልቅ ብዙ ዝርዝር ያጣል፤ የጠፋውም አይመለስም። ስለዚህ ባለሙያው ውጤቱን ሳይመረምር ዋናውን ቅጂ ሊያጠፋ አይገባውም፤ የዚያን ዕለት የእናት ፊት ዳግመኛ አይቀረጽምና።